ተራ ቁጥር አንድ

እህቴ ደሪቱ ማታ ማታ የነገ ሥራዋን ስልኳ ላይ በተራ ቁጥር ትጽፋለች። ይህን ያመጣችው ቦሌ ካለው መሥሪያ ቤቷ፣ ከሥልጠና ነው። አሠልጣኙ "ከባዱን አስቀድሚ፣ ቀላሉን አስከትዪ" ብሏታል። ሰውየው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ኖሮ ቢያውቅ እንዲህ አይልም ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ ተራ ቁጥር አንድ ያው ነበር፤ መገናኛ ሄዶ ለማታው ዲግሪ መመዝገብ። ያለ ዲግሪ ከረዳት ሒሳብ ሠራተኛነት ንቅንቅ እንደማትል አለቃዋ በግልጽ ነግሯታል። ሰኞ ልትወጣ ስትል ውሃ መጣ። በፈረቃ የሚመጣ ውሃ ጥሎ የሚሄድ የለምና በርሜሉንም ጀሪካኑንም ድስቱንም ስትሞላ ዋለች። በማግስቱ አለቃዋ አስመሻት። ከዚያ ልጇን አተኮሰው። እኔ ንዴቴን መዋጥ አቃተኝ።

"ቆይ፣ ለማትሠሪው ነገር ለምን ትጽፊዋለሽ?"

"እንዳልረሳው ነዋ" አለችኝ።

አርብ የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ነበር። ፈቃድ ወስዳ፣ ፋይሏን ታቅፋ ደረጃውን ስትወርድ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ጎረቤታችን አቶ አረጋዊ አርፈዋል። የእድር አባል ሆና ድንኳን አልፋ ብትሄድ ነገ በምን ዓይኗ ሰው ታያለች? "ትንሽ ተቀምጬ እወጣለሁ" ብላ ገባች። ወዲያው የሻይ ፔርሙዝ አስያዟት።

መነጽር ያደረጉ አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ፣ የሟች ሚስት ዘመድ ናቸው፣ ሰዓታቸውን እያዩ ይቁነጠነጣሉ።

"ሥራ ጥዬ ነው የመጣሁት ልጄ፣ ሰው ይጠብቀኛል" ብለው ብድግ አሉ።

ደሪቱ ትከሻቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው። "ኧረ እትዬ፣ ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ? ሥራ የትም አይሄድ።" ብርጭቋቸውን ሞላችላቸው። ሴትዮዋም ይሉኝታ ይዟቸው ተቀመጡ። ሊነሱ ባሉ ቁጥር እየደገመች ቀዳችላቸው።

እሷ ከሰዓት በኋላ ሾልካ ወጣች። ታክሲው እየተንቀረፈፈ መገናኛ ስትደርስ የምዝገባው መስኮት ዝግ ነው። ደጁ ላይ የተሰለፈው ሰው ያጉረመርማል።

"መዝጋቢዋ የሉም" አላት ጥበቃው። "ማኅተሙ ያለው እሳቸው ጋ ነው። የካ አባዶ ለቅሶ ደርሼ ቶሎ እመለሳለሁ ብለው ጠዋት እንደወጡ ቀሩ።"

ደሪቱ ፋይሏን ደረቷ ላይ አስጠጋች።

"መነጽር ያደርጋሉ?" አለች።

"አዎ። ያውቋቸዋል እንዴ?"

"ሻይ ቀድቼላቸዋለሁ" አለች።