በገመቹ ቁጥር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የንስሐ አባቴ በየጊዜው «ሌላስ?» ይሉኛል፤ ጾም ስለመግደፌ አውርቼ ይህችን ውጬ እመለሳለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ ለእናንተ ይቀለኝ ይሆናል።

በማስተር ፕላኑ ረብሻ ጊዜ ሰበታ ባለ አንድ ክር ፋብሪካ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። መንገድ ሲዘጋ አዲስ አበባ ቤተሰቤ ጋ መሄድ አልችልም። የሞባይል ኢንተርኔትም ጠፍቷል። ሥራ አስኪያጁ የቢሮው ኢንተርኔት ለዕቃ ግዢ ብቻ ይሁን ብሎ፣ ከገመቹ ኮምፒውተር በቀር የሁሉንም እንድዘጋ አዘዘኝ። የራሴንም ዘጋሁ።

ገመቹ የግዢ ሠራተኛችን ነው፤ የተጂ ከተማ ልጅ፣ ቀልደኛ። እያንዳንዱ የቢሮ ኮምፒውተር እንደ ቤት ቁጥር የራሱ ቁጥር አለው፤ መስመሩ የሚለየው በዚያ ነው። እኔ የገመቹን ቁጥር ላፕቶፔ ላይ ሞላሁና በእሱ ስም መግባት ጀመርኩ። ሁለታችንም ከከፈትን ቁጥሩ ይጋጭና የእሱ ይቋረጣል። ይጠራኛል። ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ገመድ ነቅዬ እሰካለሁ፤ «መስመሩ ነው» እለዋለሁ። አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር እያለ ያመሰግነኝ ነበር። አላፈርኩም። እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ወታደሮች ከቢሯችን መስኮት ሥር ልጆች ሲደበድቡ አየሁ። በስልኬ ቀረጽኩ። ገመቹ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ምሳ ሲወጣ፣ በእሱ ቁጥር ውጭ አገር ላለ ዘመዴ ላክሁት። ማምሻውን በሳተላይት ቴሌቪዥን ወጣ፤ ያላየው ሰው የለም።

የተቀረጸው ከኛ መስኮት መሆኑ ታወቀና በማግስቱ የደኅንነት ሰዎች መጡ። መስመሩን ፈትሸው አንድ ቁጥር አገኙ። ሥራ አስኪያጁ አስጠርቶ «የማን ነው?» አለኝ።

«የገመቹ» አልኩ።

ዋሸሁ? ቁጥሩ የገመቹ ነው። እውነት ተናግሬ ሰው አስወሰድኩ። ፈርተህ ነው ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ፈርቼ ነው። ገመቹስ አይፈራም ነበር? እኔ ነኝ የላክሁት፣ እኔ ነኝ ስሙን የጠራሁት።

ወራት አለፉ። ሥራ ልለቅ አሰብኩ፤ ብለቅ ይጠረጥሩኛል ብዬ ቀረሁ። ከባዶ ወንበሩ ፊት ለፊት ተቀምጬ ከረምኩ። በተከራየሁት ቤት ደግሞ አከራዬ ባንኳኩ ቁጥር መብራቱን አጠፋለሁ። መሄጃ አልነበረኝም፤ መቀመጥም አልቻልኩም።

ገመቹ ሲፈታ ሥራው ለሌላ ተሰጥቶ ነበር። ዕቃውን ሊወስድ መጣ። ከስቷል፤ አንድ ጣቱ አይታጠፍም። «አካም ጂርታ» ብሎ እንደ ድሮው ሰላም አለኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። በኔ ቁጥር ሌላ ሰው መግባት ይችላል?»

ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ዱላ የያዘ ማንም አልነበረም።

«አይችልም» አልኩት።

«እንግዲያው እኔው ሳላውቅ የሆነ ነገር ነክቼ ነዋ። አንተ ካልክ» አለና ሄደ።

የመጀመሪያውን በፍርሃት አመካኘሁ። ይህንንስ በምን ላመካኝ? ራሱን እንዲጠረጥር አድርጌ ሰደድኩት። አሁን ቡራዩ ሱቅ ከፍቷል ይባላል፤ እስከ ዛሬ አልሄድኩም። ይቅር በለኝ ለማለት አፍ የለኝም። የጠየቅኸኝን ብቻ ልመልስልህ፣ ገመቹ።

ይችላል። እኔ ነበርኩ።