የሙታኑን መርከብ ያናገርኩ ጊዜ

ጭሮ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከትምህርት ቤት መልስ ደግሞ የውጭ ፊልም ወደ አማርኛ እየመለስኩ፣ በራሴ ድምፅ እየተረክሁ፣ ኢንተርኔት ላይ ባለኝ ትንሽ ቻናል አወጣለሁ። ቀረጻውን የማደርገው አባቴ ሱቅ ጓዳ ነው። አባቴ ሰልባጅ ልብስ ይነግዳል። የታሰሩት የልብስ ቦንዳዎች እስከ ጣሪያ ስለሚደረደሩ የባጃጁም የመኪናውም ጩኸት እዚያ ድረስ አይገባም። በሁለት ቦንዳ መሃል ተቀምጬ፣ ስልኬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ስንቱን ድሬያለሁ፣ ስንቱን ገድያለሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ የመርከብ ፊልም እጄ ገባ። ርካሽ ነገር ነበር። ሰው አልባ ሆና ባሕር ላይ የምትንሳፈፍ አሮጌ የጭነት መርከብ አለች። አምስት ሰዎች ብረቷን ፈታተው ሊሸጡ ይወጡባታል። መርከቧ ውስጥ ግን ሙታን አሉ። ታሪኩ ይኸው ነው። ያም ሆኖ የመናፍስት ፊልም በእኛ ከተማ ተመልካች አጥቶ ስለማያውቅ የመጀመሪያውን ክፍል ተርጉሜ አወጣሁት።

ሰዉ አስተያየቱን የሚጽፈው ከሰዓት፣ በርጫ ላይ ነው። ጫቱን ይዞ፣ ስልኩን አቁሞ ያያል፤ ምርቃናው ሲመጣ ይጽፋል። በዚያን ቀን የወረደብኝን እስካሁን አልረሳውም።

«ሙታኑ ዱቄት ነው የተቀቡት፤ ሲሮጡ ይረግፋል» ይላል አንዱ።

«ሦስተኛዋ ሙት የእጅ ሰዓት አስራለች። ቀጠሮ አላት መሰለኝ» ይላል ሌላው።

«ከዚህ መርከብ የጭሮ መብራት ሲጠፋ ይበልጥ ያስፈራል።»

አንዲት ተመልካች ደግሞ «ተርጓሚው ራሱ እንቅልፍ ይዞታል» ብላ ጻፈች። ስድቡ ለፊልሙ እንጂ ለእኔ እንዳልሆነ ለራሴ ብነግረውም ይህቺኛዋ አመመችኝ። ሁለተኛውን ክፍል ስጀምር ልቤ ውስጥ እልህ ነበረ።

ሁለተኛው ክፍል ላይ አንድ ትዕይንት አለ። ሰዎቹ ወደ መርከቧ ሆድ ይወርዳሉ። ጨለማ ነው። ባትሪ ሲያበሩ አርባ የሚሆኑ ሰዎች ጉልበታቸውን አቅፈው፣ ጎን ለጎን ተደርድረው ተቀምጠዋል። ፊታቸው አይታይም፤ አይናገሩም። ለሁለት ደቂቃ ያህል የሚሰማው የውሃ ድምፅ ብቻ ነው። የፊልሙ ሠሪዎች ለነዚያ ሰዎች አንድ ቃል እንኳ አልጻፉላቸውም።

እኔ ጻፍኩላቸው።

ነገሩ ከየት እንደመጣብኝ አውቃለሁ። በየዓመቱ ከማስተምራቸው ልጆች መካከል መቀመጫቸው ባዶ የሚቀር አሉ። ጓደኞቻቸውን ስጠይቅ «ታህሪብ ሄደ፣ ቲቸር» ይሉኛል። በደላላ ተይዘው በጅቡቲ ወይም በሶማሊያው ቦሳሶ ወደብ አድርገው፣ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ማለት ነው። አንዳንዱ ደርሶ ይደውላል። አንዳንዱ ደርሶ ይታሰራል። አንዳንዱ ምን እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ በሁለት ቦንዳ መሃል ተቀምጬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እንዲህ አልኩ፦ «እኛ ከሐረርጌ የወጣን ነን። ከጭሮ ነን፣ ከገለምሶ ነን። የመንን ያየ ከመካከላችን የለም። እናቶቻችን ዛሬም ስልክ ይጠብቃሉ።» መጨረሻ ላይ ድምፄን የልጅ አስመስዬ በኦሮምኛ ጨመርኩበት፦ «አዮ፣ አን አስ ጂራ።» እናቴ፣ እዚህ ነኝ ማለት ነው።

ሳወጣው የሳቀ ሰው አልነበረም። «እንባዬ መጣ» አሉ። «ወንድሜን አስታወስከኝ።» «ፊልሙ ስለ እኛ መሆኑን አላወቅንም ነበር።» ከበደኖ ከተማ የጻፈ አንድ ሰው ሦስት ጊዜ እንዳየው ነገረኝ። ቻናሌን ያን ያህል ሰው ጎብኝቶት አያውቅም። ደስ አለኝ። ይህን ሳልሸሽግ መናገር አለብኝ፤ በጣም ደስ አለኝ።

ከነዚያ ሁሉ አስተያየቶች መካከል አንዱ የተለየ ነበር። «እኔ በጀልባዋ ሄጄ የተመለስኩ ነኝ» ይላል። «እዚያ ውስጥ እንዲህ ተቀምጦ የሚናገር የለም። ሰው ውሃ ነው የሚለምነው። ያላየኸውን አትናገር፣ ወንድሜ።» ሁለቴ አነበብኩትና አጠፋሁት። የሌሎቹን እንዳያበላሽብኝ ፈርቼ ነበር።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ አንዲት ሴት ሱቃችን መጡ። ዕድሜያቸው ሃምሳን ያለፈ ይመስላል። ጥቁር ሻርፕ ለብሰዋል፤ ጫማቸው የመንገድ አቧራ ነው። አባቴ ልብስ የሚያዩ መስሎት ወደ ውስጥ ጋበዛቸው። እሳቸው ግን እየዞሩ ፊታችንን ነበር የሚያዩት።

«የፊልም ልጅ እዚህ ነው አሉኝ» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ እናቴ። ምን ልታዘዝ?»

«ከገለምሶ ነው የመጣሁ። በጠዋት ሚኒባስ።» ሻርፓቸው ጫፍ ላይ ከተቋጠረ ላስቲክ ውስጥ ፎቶ አወጡ። የትምህርት ቤት መታወቂያ ፎቶ ነው፤ ጆሮው ትንሽ ወጣ ያለ ልጅ። «የኔ ልጅ ነው። ከሄደ ሁለት ዓመት ሆነው። ከቦሳሶ ደወለ፣ ‹አዮ ነገ እንሻገራለን› አለ። ከዚያ የለም።»

አባቴ ወንበር አቀረበላቸው። አልተቀመጡም።

«ሴቷ ልጄ በስልክ ያንተን ፊልም አየች። ሦስት ቀን እህል አልበላችም። ‹አዮ የሚለው ድምፅ የወንድሜ ነው› አለች። እኔም አስከፈትኳት፣ ሰማሁ። ዋላሂ ልቤ ቆመ።» ወደ እኔ ተጠጉ። «ንገረኝ እስቲ። ያን ድምፅ ከየት አገኘኸው?»

«የእኔ ድምፅ ነው፣ እናቴ።»

«ያንተ?»

«የእኔ። ፊልሙ ላይ እንደዚያ የሚል የለም። የውጭ ሰዎች ናቸው የሠሩት፣ ስለ ሐረርጌም አያውቁም። እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

የሚሰድቡኝ ወይም የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን «በለው» አሉ።

«ምን ልበል?»

«እሱን። እንደ ፊልሙ በለው። ልስማ።»

አባቴን አየሁት። አባቴ አቀርቅሯል። ሴትየዋ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በጠራራ ፀሐይ፣ ልብስ በተሰቀለበት ሱቅ መሃል ቆሜ፣ ድምፄን የልጅ አስመስዬ «አዮ፣ አን አስ ጂራ» አልኩ። እንደዚያ ቀን ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም።

ዓይናቸውን ገለጡ። ፊታቸው ፈካ። «አይደለም» አሉ። «የሱ አይደለም። የሱ ቀጠን ይላል። አልሐምዱሊላህ!» ከዚያ እጄን ያዙኝ። «በል እንሂድ። ይህን ለልጄ ትነግራታለህ። ከኔ አፍ አትሰማም።»

አባቴ ከኋላዬ «ሂድ» አለኝ።

በሚኒባሱ መንገድ ሁሉ ስለ ልጃቸው አወሩልኝ። ሌጣ በቅሎ ላይ እንዴት ዘሎ እንደሚወጣ፣ ሂሳብ እንዴት እንደሚያውቅ፣ ሲሄድ ለማንም ሳይናገር የእህቱን ቦርሳ ይዞ እንደሄደ። የመን እስር ቤት ውስጥ እንደሆነ እርግጠኛ ናቸው። «እስር ቤት ስልክ አይሰጡም» አሉኝ። እኔም «አዎ፣ አይሰጡም» አልኩ።

ቤታቸው ከገለምሶ ገበያ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ በጫትና በቡና ማሳ መሃል ነው። ባልየው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው የጫት እንጨት ይቆርጣሉ። ሰላም ሲሉኝ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ቤተሰቤ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ። ስለመጣሁበት ጉዳይ አልጠየቁኝም። ልጅቷ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ውስጥ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። በወንድሟ ፎቶ ላይ ያየሁት ጆሮ እሷም ጋ አለ።

እናትየው ፊት ለፊቷ አቆሙኝ። «ንገራት» አሉኝ።

«እህቴ» አልኳት፣ «ፊልሙ ላይ የሰማሽው ድምፅ የእኔ ነው። ንግግሩንም የፈጠርኩት እኔ ነኝ። እዚያ መርከብ ላይ የሐረርጌ ሰው የለም።»

«ሰማሽ?» አሉ እናትየው። «ሁሉም ውሸት ነው። ወንድምሽ አለ!»

ይህን አላልኩም። ሊታረም የሚገባው እዚያው ነበር። አላረምኩትም።

ልጅቷ እናቷን አላየችም። እኔን ነው ያየችው። «የሱ ድምፅ እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለች ዝግ ብላ። «የሰው ድምፅ ከሰው ድምፅ የማይለይልኝ ሕፃን አይደለሁም።»

«ታዲያ ለምን አልሽ?» አሉ እናትየው።

ከንፈሯን ነክሳ ወደ ጓሮ ወጣች። እናትየው «ተመስገን፣ ገባት» እያሉ ምሳ ሊያቀርቡልኝ ተነሱ። እንደ ሰርግ እንግዳ አስተናገዱኝ። አልበላም ማለት አቃተኝ። ሳህኑ ላይ የጨመሩልኝን ሁሉ ጨረስኩት።

መኪና ተራ ድረስ ባልየው ሸኙኝ። ከአንድ ዋርካ ሥር ስንደርስ ቆሙ።

«አብሮት የነበረ ልጅ ተመልሷል» አሉኝ። «የጭሮ ልጅ ነው። ዓምና መጥቶ ለኔ ነገረኝ። ጀልባዋ የተገለበጠች ጊዜ አጠገቡ ነበር። በዓይኑ አይቷል።»

«እናቱስ?»

«አታውቅም። ልቧ በሽተኛ ነው፤ ሐኪሙ ‹ድንጋጤ እንዳይደርስባት› ብሎናል። ሬሳ ለሌለው ሰው የሚሰገደውን ሶላት ወንድሞቼ ሰፈር መስጊድ ሄደን ሰገድንለት። ሰደቃውንም እዚያው አወጣን። እዚህ ቤት የምናውቀው እኔና ልጅቷ ነን።» ሻርፓቸውን ከትከሻቸው አውርደው ፊታቸውን ጠረጉ። «ልጅቷ ሰለቻት። እናቷ ስልክ በጮኸ ቁጥር ስትሮጥ ማየት ሰለቻት። ያንተን ፊልም ስታይ ‹በዚህ ቀስ ብዬ ልንገራት› ብላ አሰበች። ‹ፊልሙ ይጀምርላት፣ እኔ እጨርሰዋለሁ› አለችኝ። እናትየዋም መስማት ጀምራ ነበር፤ ሁለት ቀን አልቅሳለች። ከዚያ በማለዳ ተነስታ ወደ አንተ መጣች።»

ምን እንዳደረግሁ ያኔ ገባኝ። ከራሴ ፈጥሬ የተናገርኩት እውነት ሆኖ ተገኝቷል። እውነቱን ልናገር ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ ውሸቱን አጽንቼ መጣሁ።

«ተመልሼ ልንገራቸው?» አልኩ።

«አንተ?» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። «አንተ ማነህና፣ ልጄ? ሂድ፣ መኪናው እንዳያመልጥህ።»

ጭሮ እንደደረስኩ ፊልሙን ከቻናሌ አነሳሁት። ተመልካች ጮኸብኝ። «የት ሄደ?» «ማን አስፈራራህ?» የራሴን ንግግር አውጥቼ፣ ውሃው ብቻ እንዲሰማ አድርጌ መልሼ ለቀቅኩት። «ይሄኛው አይረባም» አሉ፣ «የበፊቱ ይሻላል።» የበፊቱም ቢሆን አልጠፋም። ሰዉ ከስልክ ወደ ስልክ ተቀባብሎታል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ባጃጅ ውስጥ፣ ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ስልክ ላይ የራሴን ድምፅ ሰማሁት። ሴትየዋ እንባዋን እየጠረገች ታያለች። እዚያው አውርዱኝ ብዬ በእግሬ ሄድኩ።

ያጠፋሁትን አስተያየት የጻፈውን ሰው ብዙ ፈለግሁት። ምናልባት ለአባትየው የነገረው የጭሮ ልጅ እሱ ይሆናል፤ ምናልባትም አይሆንም። ስሙን አላስታወስኩትም። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር።

እናትየው ቁጥሬን ይዘዋል። በየአርብ ከጁምዓ በኋላ ይደውሉልኛል። እንግሊዝኛ ስለማውቅ የእስረኞችን ነገር ከውጭ ሰዎች መጠየቅ የምችል ይመስላቸዋል። መጀመሪያ ጤናዬን፣ ከዚያ አባቴን፣ ከዚያ የተማሪዎቼን ፈተና ይጠይቁኛል። ቀጥሎ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

«ከዚያ ወገን የሰማኸው ነገር አለ፣ ልጄ?»

«እስካሁን ምንም አልሰማሁም፣ እናቴ» እላቸዋለሁ።

«አላህ ይስጥህ» ይሉኛል። «አንተ ባትኖር እኮ ያቺ ልጅ ሞቷል ብላ ልታሳብደኝ ነበር።»