ጎላን ላይ የተዘራው ጤና አዳም

ልጄ ጸቫውን፣ የግዴታ ውትድርናውን፣ ጨርሶ ከወጣ ወዲህ፣ እኩዮቹ ህንድ አገር ሲሄዱ እሱ የድሮ ጦር ሜዳ ይዞራል። እኔ ለዛገ ታንክ ብዬ ከሰፈሬ ከኤም ሃሞሻቮት የምነሳ ሰው አይደለሁም። አባቴ ግን ጎላን ሊሄድ መሆኑን ሲሰሙ «እኔም አለሁ» አሉ። በማግስቱ ሳይነጋ ራማት ቬርበር ካለው ቤታቸው ደጃፍ ኮፍያቸውን አድርገው ቆመው አገኘናቸው። ብቻቸውን እንዴት እለቃቸዋለሁ? ተከተልኩ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የአባቴ እናት ወደዚህ አገር፣ ወደ እስራኤል፣ ስንመጣ ሱዳን በረሃ ላይ ሞተው እዚያው አሸዋ ውስጥ ቀሩ። መቃብራቸውን የሚያውቅ የለም። ከእሳቸው የተረፈው በነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረ የጤና አዳም ፍሬ ብቻ ነበር። አባቴ ፍሬውን ይዘው ገቡ፤ የሚዘሩበት መሬት ግን አጡ፤ የተሰጠን ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በኋላ ለሚሉዊም፣ ለተጠባባቂ ጦር ሲጠሩ፣ ጎላን ላይ፣ እኛ ሳንመጣ በነበረው የኪፑር ጦርነት ውጊያ የተደረገበትን አንድ አሮጌ ቡንከር፣ የምድር ውስጥ ምሽግ፣ እንዲጠብቁ ተመደቡ። ፍሬውን አፉ ላይ ዘሩት። «የእናቴ መቃብር እሱ ነው» ይላሉ። ሄጄ አየዋለሁ ሲሉ የፋብሪካ ሥራው፣ ከዚያ እኛ፣ ከዚያ ጉልበታቸው፤ ጊዜው ነጎደ።

«ሳባ፣ የቡንከሩ ስም ማነው?» አለ ልጄ መሪውን ይዞ በዕብራይስጥ። አያቱን «ሳባ» ነው የሚላቸው፤ እሳቸውንም ቢሆን በሌላ ቋንቋ አያናግርም።

«ስም ምን ያደርግልሃል? ጤና አዳም ያለበት ነው።»

ልጄ በመስተዋት አየኝ። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

የመጀመሪያው ኮረብታ ላይ ገና ከመኪና ሳይወርዱ ሸተታቸው። «ይኸው! አላልኳችሁም?» ብለው እንደ ጎረምሳ ሮጡ። አንድ ቁጥቋጦ ጤና አዳም፣ ከነቢጫ አበባው። ተንበርክከው ሳሙት። እኔም ዕንባዬ መጣ።

«ሳባ፣ እዚህ እኮ ቡንከር የለም» አለ ልጄ ራሱን እያከከ።

እውነትም የለም። ሁለተኛው ኮረብታ ላይ ከአንድ የዛገ ታንክ ሥር ጤና አዳም። ሦስተኛው ላይ፣ ወይ ጉድ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ጤና አዳም! አባቴ አሁን አይስሙም። አሸት ያደርጉና ወደ መኪናው ይመለሳሉ።

ልጄ ስልኩን አውጥቶ ቅጠሉን ፎቶ አነሳና ማንበብ ጀመረ፤ «ሳባ፣ ይሄ እዚህ አገር በየተራራው ራሱ የሚበቅል…» ክንዱን ቆነጠጥኩት። ምን ዋጋ አለው፣ ከአፉ ወጥቷል።

አባቴ ተመልሰው መኪና ገቡ። እኔ በገንኩ፤ በልጄ፣ በስልኩ፣ በእግዜሩም ጭምር። ለአንዲት ሴትዮ አንድ ቁጥቋጦ ቢተውላት ምን ይጎድልበታል?

ቀጣዩ ኮረብታ ጋ ስንደርስ «አቁም!» አሉ። ወደ ግራ የሚታጠፍ የሲሚንቶ ደረጃ፣ ዝቅ ያለ ጉበን። ጉበኑን በመዳፋቸው ዳበሱት። «ይቺ ናት። በየሌሊቱ ግንባሬን ስትገጨኝ የነበረችው ይቺ ናት!» ልጄ ደስታውን አልቻለም፤ ጮኸ። እኔ ግን መሬቱን አየሁ። የቡንከሩ አፍ ለጎብኚ ተብሎ በሲሚንቶ ተለብጧል፤ አግዳሚ ወንበርም ተተክሎበታል። አንዲት ቅጠል እንኳ የለም።

«አባባ፣ አይዘኑ» አልኩ።

«ለምን አዝናለሁ?» አሉ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለው። ከፊታችን ቁልቁለቱ በሙሉ ጤና አዳም ነው። «እኔ ገበሬ ነኝ። የአገሩ መሆኑ ገና ሁለተኛው ኮረብታ ላይ ገብቶኛል። ዘር ግን የዘሩት ቦታ ታስሮ አይቀመጥም። እንግዲህ የቷ የእናቴ፣ የቷ የአገሩ እንደሆነች ማን ይለያታል?» ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እማ! መጣሁልሽ!» አሉ። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ እየሳቁም እያለቀሱም ቆዩ።

«በሰደር፣ እሺ፣ እንሂድ» አሉ በመጨረሻ። ልጄ ለሳባው በረንዳ አንድ ቅርንጫፍ ሊቀነጥስ ጎንበስ አለ።

«ተው!» አሉ አባቴ እጁን ይዘው። «እሷ ብትሆንስ?»

ልጄ እጁን ሰበሰበ። ቁልቁለቱን እስክንወርድ ድረስ ሦስታችንም እግራችንን የምናሳርፍበትን እያየን ነበር።