ኖራ የተቀባው ምድጃ

የመንደራችን ሰው ናይደን፣ የጥንት ሮማውያን ሸክላ ይተኩሱበት የነበረውን ምድጃ ይጠብቃል። ለምድጃው መጠለያ የሠራንለት ተማሪዎች መጥተው እንዲማሩበት ነው። ናይደን ግን ልጆቹ ወደ ግድግዳው ጠጋ ሲሉ እንኳ ይቆጣል። የሚያስነካቸው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ምድጃውን የሠራው ሰው እርጥብ ጭቃው ላይ የተወውን የአውራ ጣት ምልክት። "ጣታችሁን ክተቱና ሰላም በሉት" ይላቸዋል።

አምና በፋሲካ ሰሞን ታሞ ተኛ። በኛ በቡልጋሪያ ገጠር ደግሞ ፋሲካ ሲደርስ አጥሩንም የዛፉንም ግንድ ኖራ ካልቀባን እንቅልፍ አይወስደንም። ተሽሎት ሲመለስ ምድጃው ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆኖ ጠበቀው።

"አንተ ሰነፍ፣ ለበዓል እንዲህ አድፎ ልታውለው ነበር?" አለችው ጎረቤቱ ቬሊካ፣ ብሩሿን እንደያዘች።

እኔ ብሆን የኖራውን ባልዲ አናቷ ላይ እደፋው ነበር። እሱ ግን ኖራ የላጠውን እጇን አይቶ "እጅሽ ይባረክ" አላት። በኋላ የመጡት ባለሙያዎች ኖራው ቢፋቅ ጭቃው አብሮ ይነሳል ብለው ሄዱ።

ዘንድሮ ኖራው ወየበና ቬሊካ ባልዲዋን ይዛ መጣች። ናይደን ግድግዳውን ሲዳብስ ቆየና ጎድጎድ ያለች አንዲት ቦታ ላይ አውራ ጣቱን አሳረፈ።

"እዚህ ጋ ብቻ ሳሳ አድርገሽ ቀቢው፣ እትዬ" አላት።