ጋሼ ካውያና የላስቲክ ኖቶቹ

«አምጣው አልኩህ፣ የእህቴን አምጣው። ሁለታችሁ አይደላችሁም እንዴ የለቀማችሁት? የሷ ዓይን ጠፍቶ፣ ያንተ ዓይን አፍጥጦ፣ እሷ እየዳሰሰች፣ አንተ እያየህ፣ አሁን ብቻህን ታቅፈህ ልትተኛ? ልጄ አክስቱን በምን ያስታውሳት? በሻርፕ?»

ይቺ የሚስቱ እህት ናት። እንደሷ ማውራት ከፈለጋችሁ አፍንጫችሁን በሁለት ጣት ያዙና ትንፋሽ ሳትወስዱ ተናገሩ፤ አራት ነጥብ የሚባል ነገር የላትም። ጠብ ስትጀምር ቦርሳዋን ብብቷ ስር ትወሽቃለች፣ ስትጨርስ ታወጣዋለች። ያን ቀን ቦርሳው ከብብቷ ሊወጣ ነው ስንል እንደገና ጠልቆ ይገባል።

የምትጮህበት ሰውዬ ጋሼ ካውያ ነው። ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው፣ ላውንደሪ ቤት ልብስ ሲተኩስ ስላረጀ። «ተኳሽ ነኝ» ሲል የማያውቀው ሰው ጡረታ የወጣ ወታደር መስሎት ትንሽ ፈቀቅ ይላል፤ እሱ የሚያውቀው ተኩስ ግን የሸሚዝ ኮሌታ ነው። ከነሚስቱ የኖረው ከላውንደሪው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። እኔ የዚያው ቤት ቁልፍ ሰፊ ነኝ። ወንበሬ በበሩና በመተኮሻው ጠረጴዛ መሐል ናት፤ ከዚያ ሆኜ የማልሰማው ነገር የለም፣ ካለም ወንበሬን ጠጋ አደርጋለሁ።

ሚስቱ እትዬ ከተቀበረች ገና ብዙ አልቆየም ነበር። እህትየው የሟቿን ዕቃ ልትወስድ ስትመጣ ጋሼ ምንም አልከለከላትም። ሻርፑን ሰጣት፣ ጫማውን ሰጣት፣ ግድግዳው ላይ የነበረውን መስታወት ራሱ ከሚስማሩ አውርዶ ሰጣት። ከሚስቱ ጋር የሰበሰቧቸውን የገንዘብ ኖቶች አልበም ስትጠይቀው ግን ትራሱ ላይ ቁጭ አለ። አልበሙ ከትራሱ ሥር ነው። እሷ ትጮሃለች፣ እሱ ጉልበቱን ያያል። በመጨረሻ ገፋ አድርጋው ሳበችው፤ አልበሙ ወለሉ ላይ ወድቆ ተከፈተ።

ከውስጡ የወጣው ገንዘብ አይመስልም። የተጨማደደ፣ የተጠቀለለ፣ እንደ ሰው ጥፍር የደረቀ ነገር ነው። እህትየው አንዱን አንስታ አየችው፣ አሸተተችው።

«ምንድነው ይሄ?»

«ኖት ነው» አላት።

«ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ። ካውያ አሳረፍኩበት።»

«አንተ? ተኳሹ?»

«እኔ ነኝ አልኩሽ።»

ቦርሳዋን ከብብቷ አወጣች። ይሄኔ ነው እኔ የደነገጥኩት፣ ጠቡ ማለቁ ነዋ። ወጥታ ከመንገዱ መታጠፊያ ሳትደርስ ወሬው ከሷ ቀድሞ ደረሰ። ዳቦ ቤቱ ጋ «በሐዘን አብዶ ገንዘብ አቃጠለ» ሆነ። ጫማ ጠጋኙ ጋ ሲደርስ «ለሷ ከምሰጥ ይንደድ ብሎ ነው» ሆነ። ወደኛ ሲመለስማ አልጋውንም አብሮ አቃጥሎት ነበር። ከዚያ ደንበኞች ሸሚዛቸውን ሲያመጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሰውዬው ነው የሚተኩሰው?» ማለት ጀመሩ። አለቃችን መጥፎ ሰው አይደለም፣ ግን ደንበኛ ይወዳል፤ ጋሼን ከሸሚዝ አንስቶ ፎጣ ላይ መደበው። ፎጣ ደግሞ አይተኮስም፣ ይታጠፋል እንጂ። በዕድሜው ሙሉ ኮሌታ ያቆመ ሰው አሁን ፎጣ ያጥፋል።

ይሄ ሁሉ በውሸት ነው። ኖቶቹን ያቃጠለው እሱ አይደለም። እዚያ ነበርኩ፣ አውቃለሁ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ላውንደሪያችን አንድ ደንብ አለው፦ ኪስ ውስጥ የተረሳ ነገር አይጣልም። ደረሰኝም ይሁን ትኬት፣ ፎቶም ይሁን ገንዘብ፣ ይደርቅና ስስ ጨርቅ ተጥሎበት ይተኮሳል፣ በፖስታ ሆኖ ከልብሱ ጋር ለባለቤቱ ይመለሳል። የዚህ ሥራ ንግሥት እትዬ ነበረች። ከማሽን እንደ ገንፎ የወጣ የወረቀት ኖት እሷ እጅ ከገባ ከባንክ አሁን የወጣ ይመስላል። «በዕድሜዬ አንድ ነገር አላቃጠልኩም» ትላለች፣ እውነቷን ነው። ጋሼ እንኳ አንዴ የአንድ ሙሽራ ሱሪ ላይ የካውያ ቅርጽ ትቷል፤ እሷ ይሄን ለመጣ ለሄደው ሁሉ ታወራለች፣ እሱ ደግሞ በወሬው መሐል ተነስቶ ውሃ ሊጠጣ ይሄዳል።

ከዚያ የአገሩ ገንዘብ ከወረቀት ወደ ላስቲክ ተቀየረ። የመጀመሪያዋ ላስቲክ እኛ ጋ የመጣችው በሱሪ ኪስ ነው። ሳሙናውን፣ ውሃውን፣ መጭመቂያውን ሁሉ አልፋ ወጣች፤ ጋሼ አንዴ ሲያራግፋት ደረቀች። አፉን ከፍቶ አያት። «ይቺ አልታጠበችም እኮ፣ ዋኝታ ነው የመጣችው» አለ። እሷን በፖስታ አድርጎ ለባለሱሪው መለሰ፣ ከራሱ ደሞዝ ደግሞ እሷን የመሰለች አንዲት ኖት አስቀረ። በቃ፣ ያ ቀን ለከፈው። ከየዓይነቱ አንድ አንድ ማስቀመጥ ጀመረ። ቀለሟ ትንሽ ከተቀየረ፣ ፊርማው ከተቀየረ፣ ባንክ ሄዶ ይሰለፋል።

ዝም ብሎ መሰብሰብ ቢሆን ማንም ይሰበስባል። እሱ ግን እንደ ደብዳቤ ያነባቸዋል። የኔን የመርፌ ቀዳዳ ማያ ማጉያ መነጽር ይዋስና መስኮቱ ጋ ይቆማል። እኔ ጭረት የመሰለኝን፣ ኖቷ ላይ ከተሣለችው ሴትዮ ፀጉር ሥር ያለውን፣ «ጭረት አይደለም፣ ጽሕፈት ነው፣ እይው» ብሎ አሳየኝ። በአንዱ ጥግ ግማሽ አበባ አለ፣ በጀርባዋ ሌላው ግማሽ፤ አምፖል ላይ ሲይዛት ግማሽና ግማሹ ገጥሞ ይሞላል። «ለብቻው ብታዪው የተበላሸ ነው የሚመስልሽ» ይለኛል።

የእትዬን ዓይን ስኳር ቀስ እያለ በላው። አለቃችን መጀመሪያ ከሸሚዝ ወደ አንሶላ፣ ከአንሶላ ወደ ፎጣ፣ ከፎጣ ወደ ወንበር አወረዳት። «እጄ አልታወረም እኮ» ትላለች። ማን ይሰማታል? ጋሼ ያኔ ነው ኖቶቹ ጥግ ላይ ያሉትን እብጥ እብጥ ያሉ ነጥቦች ያሳያት፣ ዓይነ ስውር በጣቱ እንዲለይባቸው የተደረጉትን።

«ላንቺ ብለው ነው የሠሩት» አላት።

«እኔን የት ያውቁኛል?»

«ተነግሯቸው ነዋ።»

ከዚያ በኋላ ሁሌ ሲመሽ ሲመሽ አልበሙን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ይቀመጣሉ። እሷ ትዳስሳለች፣ እሱ ያወራል። እኔ ቁልፍ እየሰፋሁ በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። ከሁሉ የምትወዳት አረንጓዴዋን ነበር። ፊቷ ላይ ሸማኔ ሴት አለች፤ መሐሏ ላይ መስታወት የመሰለ፣ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ መስኮት። «ክሩ ከሴትየዋ እጅ ይወጣል» ይላታል ጋሼ፣ «መስኮቱን ያቋርጣል፣ ገልብጠሽ ስታዪው ወንዝ ሆኗል። ሄዶ ድልድይ ሥር ይገባል።»

«ያው አንዱ መስመር?»

«ያው አንዱ።»

«ሴትየዋ ታውቃለች?»

«ምኑን?»

«ክሯ በወዲያ በኩል ወንዝ እንደሆነ።»

«አታውቅም፣ ዓይኗ ሥራዋ ላይ ነው፣ ማዶ አታይም» አላት።

«እንደኔ ናታ» አለች።

ከዚያ መስኮቷን ዓይኗ ላይ ለጥፋ ወደ ድምፁ ዞረችና፣ አየሁህ፣ ሸብተሃል አለችው። እሱም መስኮቱ ቆሽሾ ነው ብሎ መለሰላት። ሲስቁ እኔም ግድግዳው ወዲህ ሆኜ ጣቴን በመርፌ ወጋሁት።

የላስቲክ ክፋቱ፣ አንዴ ከታጠፈ አይረሳም። አረንጓዴዋ እጁ ከመግባቷ በፊት አንዱ ደንበኛ አጥፏት ኖሮ መስኮቷ ላይ መስመር ነበራት። ጋሼ ፍራሽ ሥር አስተኛት፣ መዝገበ ቃላት ጫነባት፣ ወይ ፍንክች። ሌሎቹም ጥጋቸው መጠቅለል ጀመረ። ለኔ ያማርራል፤ እትዬ ወንበሯ ላይ ሆና ትሰማለች። እኔ ብቻ ነኝ ጆሮ ያለኝ ይመስል።

አንድ ቀን ከሰዓት አዲስ ኖት ወጥቷል ተባለና ጋሼ ባንክ ሄደ። ሱቁ ጭር ብሎ ነበር። ከጓዳ የትንሿ መተኮሻ ጠረጴዛ እግር ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ካውያው ሲቀመጥ፣ መቆጣጠሪያው ቀጭ ቀጭ ሲል። እትዬ ያንን ካውያ ሳታይ ታውቀዋለች፣ ሥራ በማግኘቷም ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ሽታው መጣ። የጨርቅ ሽታ አይደለም። መርፌዬን ጥዬ ሮጥኩ።

ጨርቁን ጥላ፣ ልክ እንደ ደንቡ፣ አንድ በአንድ ተኩሳቸዋለች። ካውያው በአንድ እጇ ነው፣ በሌላው ጠረጴዛው ላይ ትፈልጋለች።

«አንቺ ነሽ? ጨርቁ ተሸበሸበ እንዴ? ጠርዙን አጣሁት።»

ጨርቁ አልተሸበሸበም። ወረቀት ቢሆኑ ኖሮ እንደ አዲስ ይወጡ ነበር። ላስቲክ ግን ሙቀት ሲነካው ይሰበሰባል፤ ከጨርቁ ሥር የነበረው ሁሉ ኩምትር ብሏል። ዞር አልኩ። ከኋላዬ ጋሼ ገብቶ ቆሟል። አዲሷን ኖት እንዳትታጠፍ በሁለት ጣቱ ጫፍ ይዟታል። ጠረጴዛውን አየ። ፊቱ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፣ የሰው ፊት ማስመሰል ልማዴ ነው፣ ያንን ግን አልሞክረውም።

ካውያውን ከእጇ ቀስ አድርጎ ወሰደና አቆመው።

«ታጠፉብኝ እያልክ ስታለቃቅስ አልነበር?» አለችው። «ቀና አሉ?»

«ቀጥ ብለዋል» አላት። «እንዳንቺ እጅ የለም።»

ጣቷን አሳረፈችባቸው። ከአንዱ ወደ አንዱ ዳሰሰች።

«ጠበቡ ልበል?»

«ታጥቦ የተተኮሰ ነገር ሁሉ ትንሽ ይሰበሰባል። አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽኝ?»

ሳቀች። እኔ ወንበሬ ላይ ተመልሼ ጥቁር ኮት ላይ ነጭ ቁልፍ ሰፋሁ፣ ያወቅሁት ባለቤቱ ለብሶት ሲመለስ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላም ሲመሽ ሲመሽ አልበሙ ይዘረጋል። ጋሼ ያን ኩምትርትር ይዞ ያነብላታል፦ አሁን አረንጓዴዋ ናት፣ ሴትየዋ ቁጭ ብላለች፣ ክሩ ወጥቷል። ሁሉንም በቃሉ። እሷም እንደ ድሮው ትጠይቃለች፣ እንደ ድሮው ትቀልዳለች። አንድ ነገር ብቻ ተቀየረ። በፊት «ስጠኝ ልዳስሳት» ትል ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አላለችም። ያቺ ሴት እኮ ሸሚዝ በጣቷ ነክታ ባለቤቱ በየትኛው እጁ እንደሚጽፍ ትነግራችኋለች። ያንን የደረቀ ነገር ነክታ ሳታውቅ ቀረች? እሱ ለሷ ብሎ ይዋሻል፣ እሷ ለሱ ብላ ታምናለች፣ እኔ ግድግዳው ወዲህ ሆኜ አፍንጫዬን እጠርጋለሁ።

መጨረሻ ላይ ሆስፒታል ተኛች። ልንጠይቃት የሄድን ቀን እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ቆሜ ነበር። በኮሌታው ይዛ ወደ አፏ ሳበችውና በጆሮው የሆነ ነገር ነገረችው። የምግብ ጋሪ እየተንኳኳ አለፈና አልሰማሁም። በሕይወቴ ያመለጠኝ ወሬ እሱ ብቻ ነው። ጋሼ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ግንባሩን አልጋው ብረት ላይ ደፋ። በማግስቱ የለችም።

ይሄን ሁሉ መጻፍ የጀመርኩት ሰፈሩ እውነቱን ይወቅ፣ ሸሚዙም ይመለስለት ብዬ ነው። ትናንት ጋሼ ፎጣ ተሸክሞ ሲገባ ደረሰብኝ።

«ምንድነው የምትሞነጫጭሪው?»

ያንተን ነው አልኩት። ፎጣውን አስቀምጦ፣ አንብቢልኝ አለ። አነበብኩለት። የሚስቱ እህት ድምፅ ጋ ስደርስ አፍንጫዬን ይዤ ነበርና ሳቀ፤ እትዬ ከተቀበረች ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ሸማኔዋ ጋ ስደርስ እጁን አነሳ።

«እሱን አስተካክዪ። ወንዙ ድልድዩ ሥር አይገባም።»

«ራስህ አይደለህ እንዴ ያልካት?»

«ለሷ ነው ያልኩት። ኖቷ ላይ ድልድይ የለም፣ ወንዙ ጠርዟ ላይ ያልቃል።»

ሳላስተካክል ተውኩት። እስከ ሆስፒታሉ አንብቤ ጨረስኩ። ፎጣውን ማጠፍ ጀመረ። አብዷል እያሉህ እኮ ነው፣ ሸሚዙን ነጠቁህ፣ ሰዉ ይወቅ አልኩት።

«ይበሉ» አለ። «እኔን ያሻቸውን ቢሉኝ የሚቀርብኝ ሸሚዝ ነው። እሷ ግን በዕድሜዋ አንድ ነገር አላቃጠለችም።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አይቻለሁ።»

«አላቃጠለችም አልኩሽ።»

እሺ፣ አልኩት። እሺ፣ እሱን ልተወው፣ በጆሮህ ያለችህን ብቻ ንገረኝና እዚያ ላይ ልጨርስ። ከደረት ኪሱ የዚያን ቀን ከባንክ ያመጣትን ኖት አወጣ፣ ከካውያ የተረፈችውን አንዷን። አላጠፋትም፣ ቀጥ ብላለች። እንደ አረንጓዴዋ እሷም መስኮት አላት፤ ዓይኑ ላይ ለጥፏት በሩን አየ፣ የእትዬን ባዶ ወንበር አየ፣ ዞሮ እኔን አየ። ከመስኮቱ ወዲያ ዓይኑ ውሃ ሞልቷል።

«አንቺ ምላሳም» አለኝ፣ «እስክሪብቶውን አስቀምጪ። በቃ። ከዚህ ወዲያ አትጻፊ።»