የአምቦው ጠባሽና የጉደሩ ነገረኛ

እናንተ ብዙ ያነበባችሁ ሰዎች፣ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ከትዳር በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬም ከስሜ ሌላ ይሄ ነው የሚባል ነገር ጽፌ አላውቅም። ሥራዬ ለሥጋ ቤቶች ከሰል ማቅረብ ስለሆነ ወረቀቱን እንዳላቆሽሸው እጄን ደጋግሜ ታጥቤያለሁ። ስለ በድሉ የሚጽፍ ሌላ ሰው ሲጠፋ ጊዜ፣ እሱንም አስፈቅጄ፣ ፈራ ተባ እያልኩ ጀመርኩት። የተሳሳትኩት ካለ ሳቁና እለፉት።

አምቦ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ የእትዬ ፈትለወርቅ ሥጋ ቤት አለ። በድሉ የዚያ ቤት ጠባሽ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲያናግሩት መልሱን እሳት ውስጥ የሚፈልግ የሚመስል ሰው ነው። እዚያ ቤት የገባው እንጨት ሊፈልጥ ነበር። አንድ ቀን የድሮው ጠባሽ ሥጋውን እሳት ላይ ጥሎ ከደንበኛ ጋር ወሬ ይዟል። በድሉ ጓሮ ሆኖ መጥረቢያውን እንደያዘ፣ «ሽንኩርቱ ሊያርር ነው!» ብሎ ጮኸ። እትዬ ፈትለወርቅ ሮጠው ቢያዩ፣ እውነትም ጫፍ ጫፉ መጥቆር ጀምሯል።

«አንተ ጓሮ ሆነህ በምን አወቅህ?»

«ሸተተኝ።»

መጥረቢያውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ጭልፋ ሰጡት። እንጀራውን ያገኘው እንግዲህ በአፍንጫው ነው ማለት ይቻላል። ስሙ ወጣ። መንገድ ላይ ቆሞ የየትኛው ቤት ቅቤ እንደከረመ፣ የየትኛው ቤት ቃሪያ ዛሬ እንደተቆረጠ ይናገር ነበር። ይሄን የሚሉት ሌሎች ናቸው፤ እሱ ሲመሰገን ከሰል መቆስቆስ ያበዛል።

አሁን ደግሞ ስለ ጥብሱ ልናገር፤ በዚህ ነገር የእኛ አገር ሰው ወንድሙንም አያምንም። የበድሉ የመጥበሻ ጥብስ ነው። ሥጋው በራሱ ጮማ ይንጣጣል፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ይከተሉታል፣ ከዚያ አምቦ ውሃ ጠብ ጠብ ይደረግበታል። ያለሰልሰዋል ይላል በድሉ። ቅቤና የጥብስ ቅጠል መጨረሻ ላይ ይገቡና ከሰል በያዘ ሸክላ እየጮኸ ይቀርባል።

ጉደር ሲሄዱ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም። እዚያ ያለው ኦቦ ቀጀላ ነው። የእሱ ጥብስ ዋዲ ይባላል፤ ሥጋውን እርጥብ እንጨት ላይ ሰክቶ ከነበልባሉ ጎን ያቆመዋል፣ ከጨው በቀር ምንም አይነካውም። ሽንኩርት ሲከተፍ ካየ፣ «ማን ሞተና ነው የምታስለቅሱን?» ይላል። በድሉ በበኩሉ ዋዲን «ቤት ሲቃጠል ያመለጠ ሥጋ» ይለዋል። የሐሮ ወንጪ ሰዎች የደጋ በጎቻቸውን ጠብሰው በቆጮ እየበሉ ለሁለቱም ያዝናሉ። ታምራት የሚባል የአባዱላ ሹፌርም አለ፤ የአዲስ ዓለም ልጅ ነው። «ጥብስ ማለት የአዲስ ዓለም ዝልዝል ነው» ብሎ ይምላል፤ ለመብላት ግን ሁልጊዜ የሚገኘው እትዬ ፈትለወርቅ ቤት ነው።

ኦቦ ቀጀላ ድሮ አምቦ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነበር። ሲመጣም የሚሰድበው ከተማውን ነው፤ «እናንተ ሥጋውንም ጋዝ ታጠጡታላችሁ፣ ስትበሉ አያስገሳችሁም?» ይልና የቀረበለትን ጠርጎ ይሄዳል።

በ2013 ያ ዓለምን ያስጨነቀ በሽታ በድሉንም ያዘው። ትኩሳቱ ተወው፣ ሳሉም ለቀቀው፤ አፍንጫው ግን እንደሄደ ቀረ። ነገ ይመለሳል ብሎ ጠበቀ። የጥብስ ቅጠሉን በጣቱ ፈትጎ አፍንጫው ውስጥ ሊከተው ምንም አልቀረው፤ ደረቅ ሣር እንደመፈተግ ሆነበት። ከሚስቱ ከለንሳ በቀር ለማንም አልተናገረም። እትዬ ፈትለወርቅ ከሰሙ ከእሳቱ ላይ አንስተው ያንን መጥረቢያ ይመልሱልኛል ብሎ ፈራ። መጥረቢያው እንደሆነ እስከ ዛሬ ጓሮው ግድግዳ ላይ ተደግፎ ይታያል። ከዚያም ሳቁ አለ። አፍንጫ የሌለው ጠባሽ ቢባል፣ አምቦ ይሄን ወሬ ለስንት ዓመት ትቀልድበታለች?

እና በጆሮው መጥበስ ጀመረ። ጮማው ሲንጣጣ አንድ ድምፅ አለው፣ ሽንኩርቱ ውሃውን ሲጨርስ ሌላ። አንገቱን ወደ መጥበሻው ደፍቶ ያዳምጣል። ደንበኞች ነገሩ ስላልገባቸው፣ «በድሉ ሥጋውን ንስሐ ያስገባዋል» እያሉ ይስቁ ነበር። ግን ቅቤ ሲከርም ድምፅ የለውም። የጥብስ ቅጠል ሲያንስም አይጮኽም።

ይሄኔ ነው እንግዲህ የኦቦ ቀጀላ ነገረኝነት የባሰበት። እሑድ በመጣ ቁጥር፣ ገና ሰው ሳይሰበሰብ ከጉደር ይደርሳል። የመጀመሪያው ሸክላ ለእሱ ይቀርባል። አንድ ጎርሶ ይጀምራል።

«አካም ጅርታ በድሉ፣ ደህና ነህ? የጥብስ ቅጠሉን ዛሬ ፍየል በላችው እንዴ?»

በድሉ ንድድ ይልና ለሚቀጥለው ሸክላ እፍኝ ሙሉ ይጨምራል። በሌላው እሑድ ደግሞ፣ «ማሎ በማርያም፣ ይሄ ቅቤ የማን ነው? አያቴ ጫማቸውን የሚቀቡት እንዲህ ያለውን ነበር» ይለዋል። በድሉ ጥርሱን ነክሶ ሌላ ማሰሮ ይከፍታል። ማታ ለለንሳ፣ «ይሄ የጉደር ሰው ምን አድርጌው ነው እንዲህ የሚያሳድደኝ?» ይላታል። እሷም፣ «የከፈትከው ማሰሮስ እንዴት ነበር?» ትለዋለች። «እሱንስ ሰው ሁሉ ወዶታል» ብሎ ይተኛል። አሁን ስጽፈው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ያኔ ግን በድሉ አልታየውም። ሰው ሲናደድ ምን ያያል?

የ2015 ቅበላ ደረሰ። በማግስቱ ሁዳዴ ስለሚገባ፣ በዚያ እሑድ ሥጋ ያልበላ ሰው አምቦ ውስጥ ያለም አይመስለኝ። ኦቦ ቀጀላ ለበዓሉ ድምቀት እንጨቱን ተሸክሞ መጥቶ እትዬ ፈትለወርቅ ግቢ ውስጥ የራሱን እሳት አነደደ። ግማሹ ሰው ወደ እሱ፣ ግማሹ ወደ በድሉ ሆኖ ክርክሩ ሲጦፍ ታምራት ወንበር ላይ ወጣ።

«ይብቃ! የሁለቱንም ዓይን በነጠላ እንሸፍን። ከሁለቱም ሥጋ አንዳንድ ጉርሻ ይቅመሱ። የገዛ ሥጋውን ያላወቀ፣ 'የዚያኛው ይበልጣል' ብሎ እዚሁ በሰው ፊት ይናገራል። ባለአፍንጫው ጋሼ በድሉ ይጀምር!»

በድሉ ማራገቢያውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። «እሳቴን ማን ይጠብቅልኛል?» አለ።

«እኔ እጠብቅልሃለሁ፣ ሂድ» አሉ እትዬ ፈትለወርቅ፣ ማራገቢያውን ከእጁ ወስደው። ማምለጫው ያ ብቻ ነበር።

ነጠላው ታሰረ። በልቡ፣ የመጥበሻው ሥጋ ይለሰልሳል፣ የእንጨቱ ጠንከር ይላል፣ በጥርሴ እለየዋለሁ ብሎ ተስፋ አደረገ። ታምራት ግን ተንኮለኛ ነው፤ ሁለቱንም አድቅቆ ከትፎ አዋዜ ውስጥ ነክሯቸዋል። የመጀመሪያው ጉርሻ ገባ። ትኩስ ነው፣ ጨው አለው፣ ያቃጥላል። ሁለተኛው ገባ። ትኩስ ነው፣ ጨው አለው፣ ያቃጥላል። ጆሮውን ቢያቆም ምን ዋጋ አለው? አፍ ውስጥ የገባ ሥጋ አይንጣጣም።

«የመጀመሪያው... የእኔ ነው» አለ።

የእትዬ ፈትለወርቅ ማራገቢያ ድምፁ ቆመ። በድሉ ከነጠላው ሥር ሆኖ ሁሉም ነገር እንዳበቃ ገባው።

«አላልኳችሁም!» ብሎ ጮኸ ኦቦ ቀጀላ። «ይሄ ሌባ! ሁለት ሥጋ ቀምሶ የሚሻለውን የእኔ ነው አለ! ጉደር እንደሚበልጥ በገዛ አፉ መሰከረ! እስቲ እኔን ሸፍኑኝ፣ ሰው እንዴት እንደሚቀምስ እዩ!»

ሳቁ ግቢውን ሞላው። ኦቦ ቀጀላ ተሸፈነ፣ ጎረሰ፣ ፊቱን ሽቅብ አድርጎ አላመጠ፣ እንደገና ጎረሰ። «ሁለተኛው ነው የእኔ! ዱጋ፣ እውነት ነው!» አለ። ሁለተኛው የበድሉ ነበር።

ሰው መሬት ላይ ሊንከባለል ምንም አልቀረው። ታምራት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ፤ «ሁለቱም ተሸነፉ! እንግዲያው ያሸነፈው አዲስ ዓለም ነው!» እትዬ ፈትለወርቅ እንባቸውን በማራገቢያው ጫፍ ጠረጉ። ኦቦ ቀጀላ እንደ ውርርዱ «የአምቦ ይበልጣል» ሲል ፊቱ ኮሶ የጠጣ ሰው ይመስል ነበር። በድሉም «የጉደር ይበልጣል» አለ፤ ግን ድምፁን የሰማው ያለ አይመስለኝም።

ሰው ሲበታተን በድሉ ወደ እንጨቱ እሳት ሄደ። ኦቦ ቀጀላ ፍሙን እያጠፋ ነበር።

«ሆን ብለህ ነው የሳትከው።»

«ምኑን?»

«አንተ ሽንኩርት ጎረቤት ሲከተፍ የምታስነጥስ ሰው፣ ሽንኩርት የበላ ሥጋ የእኔ ነው ትላለህ?»

ኦቦ ቀጀላ ወዲያና ወዲህ አየ። «አንድ ቀን ሽንኩርቱ ከስሎ ጭሱ መንገድ ድረስ ወጥቷል። አንተ ፈገግ ብለህ 'መዓዛው እንዴት ነው?' አልከኝ። ያኔ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«እየነገርኩህ አይደል እንዴ! በየእሑዱ ከጉደር ድረስ እየመጣሁ! አንተን ከዚያ እሳት ላይ ካነሱህ እኔ ከማን ጋር ልጣላ ነው? ከወንጪ በግ ጋር?»

ያ ሁሉ ስድብ አንድ በአንድ ለበድሉ ትዝ አለው፤ አንዱም ውሸት አልነበረበትም።

«ለፋሲካ ግን አልችልም» አለ ኦቦ ቀጀላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የራሴ ቤት ይሞላል። በዋዜማው ደግሞ የሚቀምስልህ ሰው የለም፤ ጾመኛ የሚያበስለው በአፍንጫው ነው። ለሴትዮዋ ንገራቸው።»

«መጥረቢያውን ይመልሱልኛል።»

«ይመልሱልህ። እኔም እንጨት የሚፈልጥልኝ ሰው ቸግሮኛል።»

በማግስቱ ሰኞ ሁዳዴ ገባ። ሥጋ ቤቱ ተዘግቶ ነበር። በድሉ የተረፈውን የቅቤ ማሰሮ አንስቶ ወደ ጓሮ ዞረ። እትዬ ፈትለወርቅ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«እትዬ፣ እኔ አይሸተኝም።»

«ምኑ?»

«ምንም። ከዚያ በሽታ ወዲህ።»

በድሉ ሳያስበው መጥረቢያውን አየ። እሳቸውም ዓይኑን ተከትለው አዩት።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ በምን ጠበስክልኝ?»

«በጆሮዬ። የቀረውን በኦቦ ቀጀላ ስድብ።»

«አሁንስ ቅቤውን ማን ሊያሸትልህ ነው?»

«አፍንጫዬ ጉደር ነው ያለው፣ እትዬ።»

እትዬ ፈትለወርቅ በጾም መግቢያ መሳቅ ነውር እንደሆነ ሁሉ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። «መጥረቢያውን ምን ታየዋለህ? ዝጎ ሽንኩርትም አይቆርጥ። በል ሂድና አስሸትተህ ና። ከርፍቶ ከሆነ እዚያው ጉደር ድፋው፣ ለእነሱ አዲስ ነገር አይደለም።»

በድሉ ማሰሮውን ጭኑ ላይ አድርጎ በታምራት መኪና ተሳፈረ። ገና ከከተማው ሳይወጡ መስኮት ተከፈተ፣ ሌላም ተከፈተ።

«ማነው በሁዳዴ መግቢያ ቅቤ የጫነ?» አለ ታምራት።

በፊት ቢሆን በድሉ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጥ ነበር። አሁን እጁን አወጣ። «እኔ ነኝ። እኔ እንኳ አይሸተኝም፤ አፍንጫዬ ከሄደ ቆይቷል። ምን ይላል? በጣም መጥፎ ነው?»

ታምራት በመስታወቱ አየው። «ጋሼ በድሉ፣ ይሄ ቅቤ የአዲስ ዓለም አይደለም። እኔ የማውቀው ይሄን ብቻ ነው።»

አንዷ ሴትዮ ትንሽ ከርሟል እንጂ ለወጥ ይሆናል አለች። ከኋላ የተቀመጠ ሰውዬ የለም፣ ለጫማ ነው አለ። ሌላው ደግሞ ሳያዩ መፍረድ ይከብዳል፣ ግን ማሽተት ጾም ያስገድፋል ወይ ብሎ ጠየቀ። አያስገድፍም ተባለ።

በድሉ ክዳኑን ከፈተና ማሰሮውን ለኋላ ወንበር አቀበለ።