እናቴ ዶቃዋን የፈታች ዕለት

ማንቡክ ገበያ ዳር ተቀምጬ ሳርፍ አንዲት ሴት በአጠገቤ አለፈች። የጉሎ ዘይት ከቀይ አፈር ጋር ተቀብታለች። ሽታው እንደደረሰኝ ዞር ብዬ በዓይኔ ተከተልኳት። እናቴ እንዲህ ነበር የምትሸተው፤ ከመጠመቋ በፊት።

እናቴ የቆላ ሰው ነበረች፣ ጉሙዝ። አባቴ ከደጋ ወርዶ ጠረፉ ላይ የሰፈረ ክርስቲያን ገበሬ ነው። እሷ ካልተጠመቀች እሱ አይቆርብም፤ እሷም ስትሞት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አትቀበርም። ስለዚህ እኔ ልጅ ሳለሁ አንድ ክረምት የደብሩ ቄስ ቤታችን እየመጡ አስተማሯት።

አየህ፣ ትምህርቱ ስለ እግዚአብሔር ጥቂት፣ ስለ ሴት ገላ ብዙ ነበር። ቅባቱ ይቅር፣ አምባሩ ይውለቅ፣ ደረትሽ ይሸፈን። «የሴት ጌጧ ጨዋነቷ ነው» ይሉ ነበር። ባላባቱ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ ሲንጎማለል ግን ማንም ጌጥ አላለውም። ወንድ ሲያጌጥ ማዕረግ፣ ሴት ስታጌጥ ፈተና! ባለፈው እሑድም ሰባኪው ልጃገረዶቹን በዚሁ ነገር ሲገሥጽ ሰማሁ። ደከመኝ፤ ሌላ ምን ልበል።

እናቴ ሁሉንም እሺ አለች። አምባሯ ከልጅነቷ ጀምሮ ክንዷ ላይ ስለኖረ አልወጣ ብሎ ቀጥቃጩ ቆረጠው። ቅባቱን በእንዶድ ታጠበች። አባቴ ያሰፋላትን ነጭ ቀሚስ ለብሳ ብቅ ስትል ሌላ ሴት የመጣች መስሎኝ ሸሸሁ።

የተጠመቀችው ወንዝ ዳር ነው፣ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ውሃው ላይ ስታብረቀርቅ። ቄሱ ውሃውን ሲያፈሱባት ቀሚሱ ገላዋ ላይ ተጣበቀና ደረቷ ላይ የደበቀችው ነገር ታየ። በክር የተንጠለጠለች አጭር ቀይ ዶቃ፣ የሕፃን ወገብ የምትዞር ያህል።

ዶቃዋ የታናሽ እህቴ ነበረች። እህቴ ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳትነሣ ሞታ ከቅጥሩ ውጪ ሾላ ሥር ቀብረናታል። አባቴ ስም አላወጣላትም፤ «ሕፃኗ» ይላት ነበር። እናቴ ግን በቋንቋዋ ስም ሰጥታታለች። ሲመሻሽ ዶቃውን በጣቶቿ እያሻሸች በዚያ ስም ትጠራት ነበር።

«ይኸ ምንድን ነው?» አሉ ቄሱ። «ጌጥ አውልቂ አላልኩሽም?»

አማርኛዋ ስብርብር ያለ ነበር። «ጌጥ አይደለም፣ አባ» አለች። «ይሄ ልጅ ነው።»

ቄሱ ክፉ ሰው አልነበሩም። መስቀላቸውን እንደያዙ ጎንበስ ብለው ዶቃዋን አዩ። «ልጄ፣ ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው» አሉ በመጨረሻ። እናቴ ዞር ብላ አባቴን አየችው። እሱ መሬት መሬት ያያል። ያኔ ክሩን ፈታችና ውሃው ውስጥ ለቀቀችው። ቄሱም አንገቷ ላይ ማተብ አሰሩላት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ስታልፍ «እንዴት ያለች ጨዋ!» ይሏት ነበር። ያን ስም ግን ዳግመኛ ከአፏ አልሰማሁትም። ስትሞት ቅጥሩ ውስጥ፣ ከአባቴ ጎን ቀበርናት። ስሙን የሚያውቅ እኔ ብቻ ቀረሁ።

አሁን ስፈልገው አይመጣልኝም። ምላሴ ጫፍ ላይ ይደርስና ይጠፋል። እኔም እንደ አባቴ «ሕፃኗ» እላታለሁ።